የሐዘን እህል ተራ አይጠብቅም

ወይዘሮ ሸዋአየሁ የገዛ ተዝካራቸውን በገዛ ጆሯቸው የሰሙት ከሾላው ሥር፣ ምራታቸው ባነጠፈችላቸው ብርድ ልብስ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን እያሹ ሳለ ነው። የሰሙትም ከባዳ አፍ አይደለም። የበኩር ልጃቸው ታዲዎስ ግማሽ ማዳበሪያ ጤፍ በትከሻው ተሸክሞ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተራ ከያዙት ሰዎች ፊት አልፎ፣ ለወፍጮ ጠባቂው ድምፁን ሰበር አድርጎ "የእናታችን ተዝካር ነው ጋሼ፤ ቀኑ ደርሶብን ነው" አለ። የወይዘሮ ሸዋአየሁ እጅ ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ታዲዎስ ሌላ እናት እንደሌለው ደግሞ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ለካስ መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ከገባም በኋላ የሚሰማ ጉድ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍጮው የውሃ ወፍጮ ነው፤ ከጫንጮ ወዲያ፣ አስፋልቱን ለቆ ሃያ ደቂቃ ኮረኮንች ከተሄደ በኋላ የሚገኝ፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ እንደሚለው መቶ ዓመት ያለፈው፣ ዛሬም የሚፈጭ። የታዲዎስ ሚስት አጸደ በስልኳ አይታው "የድንጋይ ወፍጮ ዱቄት እኮ ሌላ ነው፤ እንጀራው ሦስት ቀን አይደርቅም" ስትል ከርማ፣ በመጨረሻ ቤተሰቡ ሁሉ ቅዳሜን እዚያ እንዲያሳልፍ ተወሰነ። ለማየት መግቢያው ለሰው መቶ ብር ነው፤ ለመፍጨት ግን ሀብታም የለ ድሃ የለ፣ ሁሉም በተራው ነው። ወፍጮው ደግሞ አይቸኩልም። ከወንዙ በቦይ የተጠለፈው ውሃ ከታች ያለውን የእንጨት መዘውር ይመታል፣ መዘውሩ የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል፣ እህሉ ከላይ ጥቂት በጥቂት እየወረደ ይገባል። ግማሽ ማዳበሪያ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ውሃው ለድንችና ለጎመን ማሳ ይዞራል፣ ወፍጮውም እስከ ማክሰኞ ይቆማል። እነታዲዎስ ሲደርሱ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ከፊታቸው ሦስት ሰው አለ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ቢፈጭ ነው። ታዲያ ወፍጮው አንድ ሕግ አለው፤ በሩ ላይ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ለእንግዳ ሁሉ እየተኩራራች የምትነግረው። የሐዘን እህል ተራ አይጠብቅም። ለለቅሶ፣ ለአርባ፣ ለተዝካር የመጣ እህል ከሁሉ ይቀድማል። ታዲዎስ ይህን ሰማና ዓይኑ በራ። ልጃቸው ነው፤ ያ ዓይን ሲበራ ምን እንደሚከተል ወይዘሮ ሸዋአየሁ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያውቁታል።

ጤፉን አስረክቦ ወደ ሾላው መጣና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

"እማዬ፣ በቃ ትንሽ ነገር ናት። ማለቴ፣ አክስታችን ነሽ። የእናታችን እህት። ለአንድ ሰዓት ብቻ።"

"ማን ሞቶ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም! ተራ ለማግኘት ነው። አጸደ ይህን ዱቄት ሳትይዝ ብትመለስ መንገዱን ሙሉ ሰላም አትሰጠንም፤ ታውቂያት የለ።"

"ሟርተኛ" አሉት። ለቀባሪው አረዱት ሲባል ሰምተው ያውቃሉ፤ ለሟች ማርዳት ግን የታዲዎስ ፈጠራ ነው። እሱ ሱሪውን አራግፎ፣ ሾላው ሥር ያሉት አክስቱ መሆናቸውን ለሰዎቹ ሊነግር ሄደ። ሴት ልጃቸው እጸገነት ሁሉንም ሰምታለች፤ ሳምቡሳ ከያዘው ዕቃ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ክዳኑን ከፍታ መልሳ ገጠመችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ይሆናል። ወይዘሮ ሸዋአየሁን ያንገበገባቸው ሞት ለእሳቸው የቀልድ ነገር አለመሆኑ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ካዛንቺስ ኖረው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የእድር ከፍለው፣ ለስንቱ ለቅሶ ሽንኩርት ልጠው፣ በስንቱ ድንኳን አድረው፣ ባለፈው ዓመት ሰፈሩ ሲፈርስ እድሩም አብሮ ፈረሰ። ጎረቤቱ አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ልጁ ጋ ተበተነ። ድንኳኑና ወንበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ትልቁ ብረት ድስት የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እሳቸው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ እጸገነት በተከራየቻቸው ሁለት ክፍሎች ውስጥ በመጋረጃ በተከለለች አልጋ ላይ ገቡ። አልጋዋ አላስከፋቻቸውም። ያስጨነቃቸው እድር የሌለው ሰው መሆናቸው ነው። የቂርቆሱ እድር በዚህ ዕድሜያቸው በራሳቸው ስም አዲስ አባል አያደርጋቸውም፤ ልጅ አባል ሆኖ "እናቴ ናት" ብሎ ካስመዘገበ ግን ይቀበላል። ቅጹን ራሳቸው ከእድሩ ጸሐፊ ተቀብለው ለታዲዎስ ከሰጡት ስምንት ወር ሆነው። "ሰኞ" ይላቸዋል። ስንት ሰኞ መጥቶ ሄደ! ዛሬ ጠዋት እንኳ አሮጌው ኮሮላ ውስጥ ሲገቡ ቅጹን ከሹፌሩ የፀሐይ መከለያ ላይ፣ ከፓርኪንግ ደረሰኝ ጋር ተሰክቶ አዩት፤ ዳሩ ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል። ለምኖ መቀበር ደግሞ ምን ይባላል ብለው ከኋላ ተቀመጡ፣ እስከ ጫንጮም ዝም እንዳሉ መጡ።

አሁንም ዝም ብለው ያልፉት ነበር፤ ተራ የያዙት ሰዎች ባይመጡ። ከፊት የነበረችው አያንቱ የምትባል፣ ልጅ ያዘለች ሴት ናት። ከወንዙ ማዶ ካለ መንደር፣ ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ በተዋሰችው አህያ ስንዴ ጭና የመጣች ናት፤ ጆንያዋ ተፈትቶ ወፍጮው አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ተዝካር ሲባል ሰማች። ጆንያዋን ጎትታ አወረደች፣ አፉን መልሳ አሰረች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በቀጥታ ወደ ሾላው መጣች። ከኋላዋ የነበሩት ሽማግሌና አንድ ጎልማሳም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተከተሏት። "እግዜር ያጽናዎት እማማ" እያሉ ተራ በተራ እጃቸውን ጨበጧቸው፣ ከዚያም ብርድ ልብሱን ሳይነኩ ዳር ዳሩን ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው፣ ወሬ ሳያበዙ። የታዲዎስ ትንሽ ልጅ "እማማ! እማማ!" እያለች ከወንዙ ድንጋይ ለቅማ ስታመጣላቸውም የጠረጠረ የለም። አሮጊት ሁሉ እማማ ነው።

"እህትዎ ናቸው አሉ" አለች አያንቱ ቆይታ።

"አዎ፣ የእናቴ ልጅ ናት" አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ። እስከዚህ ድረስ አልዋሹም።

"ታመው ነበር?"

"አልታመመችም።" ትንሽ አሰቡ። "ደክሟት ነበር።"

ይህን እንዳሉ እንባቸው መጣ። ያላሰቡት እንባ ነው፤ ካዛንቺስ ቤታቸው ሲፈርስ እንኳ፣ ጣሪያው ሲወርድ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሲያዩ፣ ያላወጡት እንባ። አያንቱ ጠጋ ብላ ጀርባቸውን አሻሸች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እጸገነት ከወዲያ ማዶ እናቷን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ የእውነት ይሁን ለይምሰል መለየት አቅቷት ነጠላዋን በጥርሷ ያዘች። ወይዘሮ ሸዋአየሁ እያለቀሱም አንድ ነገር ታወቃቸው፤ የሰው እጅ ጀርባቸው ላይ ካረፈ ስንት ጊዜው ነው? የማያውቋቸው ሰዎች፣ ስማቸውን እንኳ ያልጠየቁ፣ እህላቸውን ጥለው መጥተው አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ለሐሰት ሞታቸው የመጣው ሰው ይኸው ነው። ለእውነተኛው ማን ይመጣል?

"ያንቺ እህልስ?" አሏት አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

"ምንም አይደል እማማ። ማክሰኞ እመለሳለሁ።"

"ቤት ዱቄት አለሽ?"

አያንቱ ፈገግ አለች። "ጎረቤት አለኝ።"

ይቺ መልስ ከሁሉ ይልቅ ወጋቻቸው። ጎረቤት አለኝ ብሎ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው ያውቁታል፤ አሁን የሌላቸውም እሱ ነው። ይቺ ሴት ደግሞ በእሳቸው ሞት ሰበብ የሰውን አህያ ስንዴውን እንደጫነች ልትመልስ ነው። ተነስተው "ውሸት ነው" ሊሉ ፈለጉ። ልጃቸውን በሰው ፊት ማዋረድ ሆነባቸውና አፋቸውን ያዙ። ሆድ ይፍጀው አሉ። ሆድ ስንቱን እንደፈጀው እሱ ያውቃል።

ያን ጊዜ ወፍጮ ጠባቂው ደቻሳ ከጨለማው ቤት ወጣ። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ዱቄት የጠጣ ቀጭን ሰው ነው። ከታዲዎስ ጤፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ ይዟል። የዚህ ወፍጮ ወግ ይህ ነው፤ የሐዘን እህል ከመፈጨቱ በፊት የመጀመሪያው እፍኝ በሟቹ ስም ይገባል፣ የቆመው ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ይላል፣ ከዚያ ውሃው ይለቀቃል። አያንቱና ሁለቱ ሰዎች ይህን ያውቃሉና ብድግ አሉ።

"የሟች የክርስትና ስማቸው ማነው?" አለ ደቻሳ።

ታዲዎስ አፉን ከፈተ። የእናቱን ስም ሸዋአየሁን ሊል ነበር፤ የተጠየቀው ግን የክርስትና ስማቸው ነው። ዞር ብሎ እጸገነትን አያት። እጸገነት መሬት አየች። አጸደ ቪዲዮ የምትቀርጽበትን ስልኳን ዝቅ አደረገች።

"ወለተ... ወለተ ማርያም" አለ ታዲዎስ። "መሰለኝ።"

"መሰለኝ?" ደቻሳ እፍኙን እንደያዘ አየው። "ወንድሜ፣ በመሰለኝ ነፍስ አይማርም። ልጃቸው አይደለህ?"

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሞቱን ችለውት ነበር። ይህን ግን አልቻሉትም። አርባ አራት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ልጅ፣ የእናቱን የክርስትና ስም አያውቅም! ያ ቀን ሲመጣ፣ እሳቸው ተጋድመው መናገር ሳይችሉ፣ ቄሱ ልክ እንደዚህ ሰው ይጠይቁታል። እሱም "መሰለኝ" ይላል። ፍትሐቱ ወለተ ማርያም ለምትባል ለሌላ ሴት ይደረግና እሳቸው ያለ ስም ይሄዳሉ። እድሩ፣ ቅጹ፣ ሰኞው ሁሉ ይህ ነው ለካ። እጃቸውን አያንቱ ትከሻ ላይ አሳርፈው፣ ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ተነሱ።

"ወለተ ሰማዕት" አሉ። "ስሟ ወለተ ሰማዕት ነው።"

"እህትዎ?"

"እኔ ነኝ። እናታቸው እኔ ነኝ።"

ጎልማሳው ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ መልሶ "በሞት ይቀለዳል እንዴ!" አለ። አያንቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ደቻሳ አልጮኸም፤ የያዘውን እፍኝ ጤፍ ቀስ ብሎ ወደ ማዳበሪያው መለሰውና እጁን አራገፈ። "አባቴም አያቴም የውሸት ሐዘን ፈጭተው አያውቁም። እህልህን አንሳ" አለው ታዲዎስን። የታዲዎስ ጆሮ ቀላ። ልጅ ሆኖ የጎረቤት ማሰሮ ሰብሮ ሲያዝም ልክ እንዲህ ነበር ጆሮው የሚቀላው። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ተቆጥተዋል፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ተቆጥተው አያውቁም። ግን እናት ናቸው፣ ያን ጆሮ ሲያዩ ደግሞ አንጀታቸው አልችል አለ። ምን ይደረግ!

"ቆይ ልጄ" አሉት ደቻሳን። "እሱ ዋሽቷል። እህሉ ግን አልዋሸም። የተዝካር ነው። የቁም ተዝካሬን ነው የማወጣው።"

የቁም ተዝካር ምን እንደሆነ እዚያ ለቆመ ሰው ማስረዳት አላስፈለገም። ሰው በሕይወት ሳለ የገዛ ተዝካሩን የሚያወጣው ከሞተ በኋላ የሚያወጣለት መኖሩን ሲጠራጠር ነው። ስለዚህ ማንም ወደ ታዲዎስ አላየም። ባያዩት የባሰ ሆነበት፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ደቻሳ ቅንድቡን አከከ፣ ሽማግሌውን አየ።

"የቁም ተዝካር ከሐዘን ይቆጠራል እንዴ?"

"ከሐዘን ይብሳል እንጂ" አሉ ሽማግሌው።

ደቻሳ ማዳበሪያው ውስጥ እጁን አስገብቶ ሌላ እፍኝ ዘገነ። "ወለተ ሰማዕት!" ብሎ ጮኸ፤ ስሙ ከወንዙ ማዶ ካለው ገደል ደርሶ ተመለሰ። ነፍስ ይማር እንዳይሉ ባለ ስሟ በሕይወት ቆመዋል። ትንሽ ተደነጋገሩና ሽማግሌው "እግዜር ይቀበልልዎት" ሲሉ ሌሎቹ ተከተሏቸው። ወይዘሮ ሸዋአየሁ "አሜን" አሉ። ውሃው ተለቀቀ፣ ድንጋዩ ማጉረምረም ጀመረ።

"አንድ ነገር ብቻ" አሉ ተመልሰው ከመቀመጣቸው በፊት። "ዱቄቱ ከተማ አይገባም። ተዝካር የሚበላ ያለቀሰ ነው። ያለቀሰልኝ ደግሞ እዚህ ነው ያለው።"

"ታዲ! ጤፉ እኮ..." አለች አጸደ።

"ተይ" አላት ታዲዎስ። አጸደ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዱቄቱ ተፈጭቶ ሲያልቅ ለሰባት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። ታዲዎስ ጥቁር ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ደቻሳ ባቀበለው ቆርቆሮ ጣሳ እየሰፈረ ለሰዎቹ አደለ። ማንም አላዘዘውም፤ የባለ ተዝካሯ ልጅ ነው፣ የሚያስተናግደውም እሱ ነው። ለአያንቱ ሲደርስ እናቱን አያቸው፤ በአገጫቸው "ጨምር" አሉት። ጨመረ። እንደገና "ጨምር" አሉት፤ ግማሹ ወደ እሷ ጆንያ ሄደ። ለሽማግሌው፣ ለጎልማሳው፣ ትኬት ለምትቆርጠው ልጅ፣ ለደቻሳ። እያንዳንዱ "እግዜር ይቀበልልህ" ሲለው መጀመሪያ በከንፈሩ ብቻ፣ ኋላ ድምፅ አውጥቶ "አሜን" አለ። ማዳበሪያው ባዶ ሲሆን አራግፎ አጣጠፈው፣ የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ብብቱ ውስጥ አደረገው። ሳምቡሳው ቀዝቅዞ ነበር። ሁሉም አንዳንድ በሉ፤ የተናገረችው የታዲዎስ ልጅ ብቻ ናት፣ ስለ ድንጋዮቿ።

ሲመለሱ ልጅቷ ሱሉልታ ሳይደርሱ ተኛች። አጸደ በመስኮት በኩል ታያለች። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ድካሙ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ግን አልተኙም። ካዛንቺስ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ቆመ። አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲሱ መብራት፣ ከጀርባው ደግሞ አረንጓዴ ቆርቆሮ አጥር። ቤታቸው የነበረበት ከአጥሩ ወዲያ ይሁን ወዲህ እንኳ አሁን በእርግጠኝነት መናገር አይችሉም። ሁልጊዜ እዚህ ሲያልፉ ማንም ምንም አይልም። ዛሬም እንዲያው የሚያልፉ መስሏቸው ነበር።

"እማዬ" አለ ታዲዎስ ከፊት፣ ዞር ሳይል።

"እ።"

"ወለተ... ማን ነበር ያልሽው?"

ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላውም! እጸገነት "አንተ ደግሞ ሰው አይደለህም!" ብላ ተቆጣች። ቁጣውን አወረደችው እንጂ ስሙን ግን እሷም አልጠራችም። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሁለቱንም ከጀርባና ከጎን አዩአቸው። የወለዷቸው፣ ያጠቧቸው፣ የእያንዳንዳቸውን የክርስትና ስም ያወጡላቸው ልጆች ናቸው፤ ያሉትም እነሱ ብቻ ናቸው።

"ወለተ ሰማዕት" አሉ። "ጻፈው።"

ታዲዎስ እጁን ሰዶ ቅጹን ከፀሐይ መከለያው ላይ መዘዘ። የፓርኪንግ ደረሰኞቹ ጭኑ ላይ ረገፉ። ቅጹን መሪው ላይ ዘርግቶ፣ አጸደ ባቀበለችው እስክሪብቶ፣ መጀመሪያ የእናቱን ስም፣ ከጎኑ በቅንፍ የክርስትና ስማቸውን ጻፈ። ከኋላ ያለው ታክሲ ጥሩንባውን ነፋ። ታዲዎስ ጽፎ ሳይጨርስ አልነዳም።

"ሰኞ..." ብሎ ጀመረና ተወው። "እድሩ አሁን ክፍት ነው?"

"ቅዳሜ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ነው።"

አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። በባምቢስ በኩል አድርጎ ወደ ቂርቆስ ታጠፈ። እድሩ ቢሮ የሚላት አንዲት ቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ ሊወርድ ሲል ቅጹን እንደገና አየው።

"ተጠሪ ይላል እዚህ። እጸገነትን ላድርግ? ማለቴ፣ እሷ ጋ ስለምትኖሪ..."

"አንተን አድርግ" አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ። "የገደልከኝ አንተ ነህ፤ የምትቀብረኝም አንተው ሁን።"

ታዲዎስ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ። እጅጌው ዱቄት ነበረበትና ጉንጩ ነጣ። የራሱን ስም ጽፎ ወረደ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ በመስኮት አዩት። እድሩ በር ላይ ሁለት ሰው ቀድሞታል። ተራውን ይዞ ቆመ።